ነዳጁ የት ይደር? የግል መዋዕለ ንዋይና የነዳጅ ዴፖ ፈቃድ ጉዳይ

በሐምሌ 2013 ዓ.ም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢ የተነሣው ግጭት ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚያመጣውን የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድ አዘግቶ ነበር። ብዙ ሰው ክስተቱን የሚያስታውሰው በጸጥታ ዜናነቱ ይሆናል። የነዳጅ አቅርቦትን ለሚከታተል ሰው ግን የአገሪቱን አንድ ገመና ገልጦ ያሳየ አጋጣሚ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከተዘጋው መንገድ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ የማከማቻ ታንከሮች ያደረው ነዳጅ ለስንት ቀን ያዘልቃል? የግል ባለሀብቶች በነዳጅ ማከማቻና ማሰራጫ ግንባታ እንዲሳተፉ ስለሚሰጠው ፈቃድ የሚደረገው ክርክርም ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ኢትዮጵያ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ሜትሪክ ቶን የሚጠጋ የተጣራ ነዳጅ ታስገባለች፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ናፍጣ ነው። ይህ መጠን ወደ ሊትር ሲለወጥ በቀን 13 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ይጭናል ብንል፣ የዕለቱን ፍጆታ ለመሸፈን በየቀኑ ወደ 300 የሚጠጉ ቦቴዎች ጭነታቸውን ማራገፍ አለባቸው። የአንድ ወር ፍጆታን አገር ውስጥ ለማሳደር 400 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ማከማቻ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ አባል አገሮቹ ከውጭ ከሚያስገቡት ነዳጅ ወደ ውጭ የሚልኩት ተቀንሶ የሚቀረውን የ90 ቀን መጠን ያህል ክምችት እንዲይዙ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ አባል ባትሆንም በዚያ መለኪያ ብትመዘን የሚያስፈልጋት 1.2 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሥራውን ስፋት ስለሚያሳዩ በአእምሮ ይዞ መቀጠል ይጠቅማል።

እዚህ ሁኔታ ላይ የተደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 አሰብ ላይ ሥራ የጀመረው ማጣሪያ፣ ከነማከማቻዎቹ፣ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የነዳጅ ማዕከል ሆኖ አገልግሏል። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። በቀጣዩ ዓመት የፈነዳው ጦርነት ደግሞ የአሰብን በር ጨርሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የተጣራው ምርት በመርከብ ወደ ጅቡቲ ይመጣል፤ የሚራገፈውም በዋናነት ዶራሌ ላይ በሚገኘው የሆራይዘን ተርሚናል ነው። ተርሚናሉ 370,000 ሜትር ኩብ ገደማ የመያዝ አቅም አለው። ይህ አቅም ለኢትዮጵያ የዕለት ፍጆታ ሲካፈል ከአንድ ወር ያነሰ ነው። ያውም ተርሚናሉ ሌሎች ደንበኞችም ያሉት ሲሆን የቆመው በሌላ አገር ምድር ላይ ነው።

በአገር ውስጥ መንግሥት ያሠራቸው የመጠባበቂያ ዴፖዎችና በነዳጅ ኩባንያዎች የተያዙ ማከማቻዎች መኖራቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው የነዳጅ ጉዞ በእነሱ በኩል አያልፍም። ቦቴው ዶራሌ ላይ ይጭናል፣ በጋላፊ ወይም በደወሌ ይሻገራል፣ ከዚያም በቀጥታ ማደያ ላይ ያራግፋል። በዚህ አሠራር የአገሪቱ ትልቁ የነዳጅ ማከማቻ በጎማ ላይ የሚጓዘው ነው ማለት ይቻላል። አንድ ድልድይ ሲሰበር፣ አንድ የክፍያ ሥርዓት ለአንድ ቀን ሲቋረጥ፣ አንድ መርከብ ወደብ ላይ ሲዘገይ፣ ጉድለቱ በማግስቱ ማደያ በር ላይ ሰልፍ ሆኖ ይታያል፤ በመሐል ሆኖ ድንጋጤውን የሚቀበል ታንከር የለምና። ከማደያ አጠገብ ተሰልፎ የሚያድር የታክሲ ሹፌርና ናፍጣ አጥቶ የመስኖ ፓምፑ የቆመበት ገበሬ የሚከፍሉት ዋጋ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። የማከማቻ እጦት ወጪ እንደሌለው ተደርጎ ለዓመታት የታየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ የግል ባለሀብት ለምን አልሠራውም? መልሱን ለማግኘት የንግዱን አወቃቀር ማየት ያስፈልጋል። ነዳጁን ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የመንግሥት ተቋም የሆነው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ኩባንያዎቹ ከድርጅቱ ተረክበው ያከፋፍላሉ፣ ማደያዎቹ ይቸረችራሉ፣ የመሸጫ ዋጋውን ደግሞ መንግሥት ይወስናል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 የአስመጪነትን ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ሲከፍት እንኳ ነዳጅንና ማዳበሪያን ከዝርዝሩ አስቀርቷል። ስለዚህ ዴፖ ለመሥራት የሚመጣ የግል ባለሀብት፣ ከአከፋፋዮቹ አንዱ ካልሆነ በቀር፣ የራሱ ያልሆነ ነዳጅ የሚያሳድር ቤት አከራይ እንጂ ነጋዴ አይሆንም። የቤት አከራይ ገቢ ኪራይ ነው። የነዳጅ ማከማቻ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍለውና ለስንት ዓመት እንደሚጸና በሕግ ካልታወቀ፣ ታንከሩን ለማቆም የሚደፍር ሰው አይገኝም።

ስለ ፈቃድ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት የሚሰጥ ይመስላል። በእውነቱ ግን የተለያዩ ተግባራት የተለያየ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ማከማቻውን መገንባት አንድ ነገር ነው፤ ተገንብቶ ሲያበቃ ሥራ ላይ ማዋል ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ በጅምላ ማከፋፈል፣ በቦቴ ማጓጓዝና በማደያ መቸርቸርም እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስፈርት አላቸው። በ2006 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 838 የነዳጅ አቅርቦት ሥራን በብቃት ማረጋገጫ ለመምራት መሠረት ጥሏል። በ2014 ዓ.ም የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 ደግሞ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ተቆጣጣሪ አድርጎ አቁሟል። በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት በነዳጅ ውጤቶች ግብይት ላይ ያጸደቀው አዋጅም ቁጥጥሩን ከማጥበቁ በላይ በጥፋተኞች ላይ ከባድ የእስራትና የገንዘብ ቅጣት ደንግጓል። ቅጣት ሕገ ወጥ ሽያጭን ሊገታ ይችላል። አንድም ሊትር ተጨማሪ ማከማቻ ግን አይገነባም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ድንጋጌ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ባለሀብት 50 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ዴፖ ሠራ እንበል። ለብድር ክፍያ፣ ለጥገና፣ ለመድንና ለሠራተኛ በዓመት 600 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብለን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ታንከሮቹ በወር አንድ ጊዜ ተሞልተው የሚራገፉ ከሆነ በዓመት 600 ሚሊዮን ሊትር ያልፍባቸዋል፤ ወጪውን ለመመለስም በሊትር 1 ብር ይበቃል። ነዳጁ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚቀየር ከሆነ ግን የሚያልፈው 100 ሚሊዮን ሊትር ነው፤ በሊትር የሚፈለገውም 6 ብር ይሆናል። ታንከሩ፣ ቦታውና ሠራተኛው ያው ነው። የተለየው የሚያልፈው መጠን ነው። አንድ አመልካች የፈቃድ ደብዳቤውን ይዞ ብድር ሊጠይቅ ባንክ ሲገባ ቀድሞ የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ በዓመት ስንት ሊትር፣ በስንት ብር፣ በማን ፊርማ?

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ፍሬ ነገር በክርክሩ ውስጥ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ሁለት ዓይነት ታንከሮች አሉ። አንደኛው የንግድ ታንከር ነው። ነዳጁ ገብቶ ይወጣል፣ ለማደያዎች የዕለት አቅርቦትን ያስተካክላል፣ ክፍያውም በሊትር ሊሰላ ይችላል። ሁለተኛው የመጠባበቂያ ታንከር ነው። ጥቅሙ ሞልቶ መቆየቱ ነው፤ ጥራቱ እንዳይበላሽ በየጊዜው ከመታደሱ በቀር ነዳጁ ካልተንቀሳቀሰ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ይህን በሚያልፈው ሊትር ልክ መክፈል ጎተራ ጠባቂን በወጣው እህል ቁናው ልክ እንደ መክፈል ነው፤ ጠባቂው እህሉ እንዲወጣ ይመኛል። የመጠባበቂያ ማከማቻ ሊከፈለው የሚገባው ዝግጁ ሆኖ ለያዘው አቅም፣ ቋሚ በሆነ የኪራይ ውል ነው። ለዚህ የሚሆን ሕግ በአገሪቱ አለ፤ በ2010 ዓ.ም የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 የግል ባለሀብቱ ገንብቶ የሚያስተዳድርበትን፣ መንግሥት ደግሞ በውል የሚከፍልበትን መንገድ ይፈቅዳል። ሁለቱን ታንከሮች በአንድ የፈቃድ ዓይነትና በአንድ የክፍያ ስሌት ማስተዳደር አንደኛውን ያከስራል፤ የሚከስረውም፣ ያለ ጥርጥር፣ አገር በክፉ ቀን የምትፈልገው ነው።

ወጪው ወዴት እንደሚያርፍም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። መንግሥት በሐምሌ 2014 ዓ.ም የታለመ ድጎማን ተግባራዊ ማድረግ ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በኋላ ዋጋው በተከታታይ ጨምሮ በጥር 2017 ዓ.ም 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሷል። በዚህ ላይ ለማከማቻ አንድ ብር ጨምሩ ማለት ለማንም ሹም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተጠቃሚው የማከማቻ እጦትን አሁንም እየከፈለ ነው። ወደብ ላይ ለዘገየ መርከብ የሚከፈለው ዲመሬጅ፣ ወረፋ ይዞ የቆመ ቦቴ የሚያጣው የጉዞ ቀን፣ ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን ከጥቁር ገበያ የሚገዛ ቤንዚን፣ እነዚህ ሁሉ የተደበቁ የማከማቻ ክፍያዎች ናቸው። ስውሩን ወጪ ወደ ግልጹ ማምጣት በሕዝብ ላይ አዲስ ሸክም መጫን ነው ብዬ አላምንም።

ለአከፋፋዮችና ለማደያዎች የሚፈቀደው የትርፍ ህዳግ ለብዙ ዓመታት በሳንቲም የሚቆጠር ሆኖ መቆየቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሊትር ሳንቲም የሚያገኝ ኩባንያ ትርፉን ከማደያው ሱቅ፣ ከዘይት ሽያጭና ከቦታው ዋጋ መጨመር ይፈልጋል፤ ለታንከር ብረት የሚተርፈው አይኖርም።

ሌላው አሳሳቢ ነገር ማን ይሥራው የሚለው ነው። አንዱ አስተሳሰብ እያንዳንዱ አከፋፋይ ኩባንያ የራሱ ዴፖ እንዲኖረው በፈቃድ መስፈርትነት ማስገደድ ነው። ሐሳቡ ቁም ነገረኛ ያልሆነውን ከገበያው ለማስወጣት ሊጠቅም ይችላል፤ ውጤቱ ግን ብዙ ትንንሽ ታንከሮች በየቦታው መበተናቸው ነው። የነዳጅ ታንከር ሲተልቅ በሊትር የሚወጣው የብረት፣ የመሬትና የእሳት መከላከያ ወጪ ይቀንሳል። በሌላ በኩል በርካታ ኩባንያዎች ለየብቻቸው የሚያቆሟቸው ማከማቻዎች ለየብቻቸው ጠባቂ፣ የአረፋ ማጥፊያ፣ የመለኪያ መሣሪያና ሰፊ የደኅንነት ክልል ይሻሉ። ገበያው ውስጥ ያሉት ኩባንያዎች አቅምም እኩል አይደለም። እንደ ኖክ፣ ቶታልኢነርጂስ፣ ኦላ ኢነርጂና የተባበሩት ብሔራዊ ፔትሮሊየም ያሉት የቆየ መረብ አላቸው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የገቡት በርካታ ኩባንያዎች ግን ጥቂት ማደያዎች ይዘው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ለእነዚህ የራስ ዴፖ ግዴታ የገበያውን በር የሚዘጋ እንቅፋት ነው። የሚያዋጣቸው በኪራይ የሚገቡበት የጋራ ማከማቻ ነው።

የጋራ ማከማቻ ደግሞ ሕግ ይፈልጋል። በጥቂት ትልልቅ አከፋፋዮች የተያዘ ዴፖ ተፎካካሪን በር ላይ ማቆም ይችላል፦ ታንከሩ ሞልቷል ብሎ፣ ወረፋውን አዘግይቶ፣ ወይም ኪራዩን አንሮ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የነዳጅ ቧንቧዎች ሕግ የማከማቻ ባለፈቃዶች ያልተያዘ አቅማቸውን ለሌሎች ክፍት እንዲያደርጉ አስገድዳለች፤ የኪራይ ተመኑንም የኢነርጂ ተቆጣጣሪዋ መርምሮ ያጸድቃል። ኬንያ በመንግሥት ኩባንያዋ አማካይነት ከሞምባሳ እስከ ናይሮቢ የዘረጋችው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ የጀመረው ቧንቧና ከእሱ ጋር የተያያዙት ማከማቻዎች ነጋዴዎች ሁሉ በጋራ የሚገለገሉባቸው ናቸው። ከሁለቱ አንዱን እንዳለ መቅዳት አያስፈልገንም። ልንወስደው የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ተመኑና የጋራ መጠቀሚያው ሕግ ይቀድማል፣ ፈቃዱ ይከተላል።

የኬንያ ልምድ ሌላ ትምህርትም አለው፤ ይህኛው ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ማብቂያ እስከ 2009 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ትራይተን የተባለ የነዳጅ ነጋዴ ኩባንያ ሲወድቅ፣ ለባንኮች በመያዣነት ተይዞ በቧንቧ ኩባንያው ማከማቻዎች ይቀመጥ የነበረ ነዳጅ አበዳሪዎቹ ሳያውቁ ተለቅቆ መገኘቱ ታወቀ። ጉዳቱ በቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሚቆጠር ነበር። ማከማቻ ውስጥ ያለ ነዳጅ ከሩቅ ሲታይ የማንም አይመስልም። የአንዱ ቤንዚን ከሌላው ጋር በአንድ ታንከር ስለሚቀላቀል የባለቤትነት ማስረጃው መዝገቡ ብቻ ነው። በኢትዮጵያም የግል ዴፖ የመንግሥትን፣ የአከፋፋዩንና ምናልባትም የባንክን ነዳጅ በአንድ ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ የመጋዘን ደረሰኝ ሕጋዊ ኃይል፣ የባለ አደራው ኃላፊነትና የዕለት ክምችት ሪፖርት በፈቃዱ ውስጥ በዝርዝር ሊሰፍሩ ይገባል።

ሪፖርቱ ለሌላም ይጠቅማል። ዋጋ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ማደያዎች መድረቃቸው የተለመደ ነው፤ ዛሬ በአሮጌው ዋጋ ከመሸጥ ነገ በአዲሱ መሸጥ ያዋጣልና። ማደያ ሊደብቅ የሚችለው በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ነው፤ ዴፖ ግን በሚሊዮን ሊደብቅ ይችላል። በመሆኑም የግል ማከማቻን አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎች ሥጋት መሠረት የለውም አልልም። መፍትሔው ግን ታንከሩን መከልከል ሳይሆን በውስጡ ያለውን ማየት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት ወር ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን በመደረጉ በማደያ በኩል ያለው መረጃ አለ። በታንከሮቹ ላይ የሚገጠም አውቶማቲክ የከፍታ መለኪያ በየሰዓቱ ለባለሥልጣኑ መረጃ ቢልክ፣ ከዴፖ የወጣውና በማደያ የተሸጠው በአንድ ሰሌዳ ላይ ሊነጻጸሩ ይችላሉ። ዋጋ በሚቀየርበት ዕለት በዴፖው ውስጥ ከነበረው ክምችት የሚገኘው ትርፍ ወይም ኪሳራ የማን እንደሆነ ቀድሞ ከተወሰነ ደግሞ የመደበቅ ፍላጎቱ ራሱ ይመናመናል።

ስለ መለኪያ ከተነሣ፣ ከሙያው ውጭ ያሉ ሰዎች የማያውቁት፣ ነገር ግን ብዙ ጠብ የሚያስነሣ አንድ ነገር አለ። ነዳጅ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። በጅቡቲ ሐሩር 45,000 ሊትር የጫነ ቦቴ በ15 ዲግሪ በቀዘቀዘ ደጋ ላይ ሲራገፍ፣ ማንም ሳይሰርቅ ከ600 ሊትር በላይ ጎድሎ ይገኛል። ሹፌሩ ይጠረጠራል፣ ማደያው ይከሳል፣ አከፋፋዩ ይቀጣል። በመሐል ዴፖ ሲኖር የመረካከቢያ ነጥቦች ስለሚበዙ ችግሩም ይባዛል። ስለዚህ ርክክብ ሁሉ በመደበኛ የሙቀት መጠን ተስተካክሎ እንዲመዘገብ፣ በትነት የሚፈቀደው ጉድለት በአኃዝ እንዲቀመጥና መለኪያዎች በገለልተኛ አካል እንዲረጋገጡ የሚያዝ አንቀጽ ከብዙ የቅጣት አንቀጾች የበለጠ ሰላም ያመጣል።

ደኅንነቱ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በእንግሊዝ ባንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ አንድ ታንከር ሲሞላ የከፍታ መለኪያው ተጣብቆ ቆመ፤ ከመጠን በላይ ሲሞላ ሊዘጋው የሚገባው ማብሪያ ማጥፊያም አልሠራም። ቤንዚኑ ከጣራው ፈስሶ በተነሣው ተን ላይ እሳት ሲያገኘው ከሃያ በላይ ታንከሮች ተቃጠሉ። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱም ማለዳ በመሆኑ ሰው አልሞተም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የጊኒ ዋና የነዳጅ ማከማቻ ኮናክሪ መሐል ከተማ ላይ ሲፈነዳ ግን ከሃያ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የአገሪቱ ማደያዎችም ተዘግተዋል። ኮናክሪ ሁለት ስሕተቶችን በአንድ ሌሊት አሳይታለች፤ ማከማቻን በመኖሪያ ሰፈር መሐል መተውና የአገርን ነዳጅ በአንድ ቦታ ማከማቸት። የእኛ ከተሞች የሚስፋፉበት ፍጥነት ሲታይ ዛሬ ከከተማ ውጭ የቆመ ዴፖ ከአሥር ዓመት በኋላ በመንደር ተከቦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የዴፖ ፈቃድ ከግቢው አጥር አልፎ በዙሪያው ቤት የማይሠራበትን ክልል በማስተር ፕላን ላይ የሚያስከብር መሆን አለበት። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ከግንባታ በፊት የሚሟላ እንጂ ከምርቃት በኋላ የሚፈለግ ሰነድ አይደለም።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ እንምጣ። የነዳጅ ታንከር ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል። ባለሀብቱ ደግሞ ከዚያ ዘመን ውስጥ ነዳጅ እስከ መቼ እንደሚፈለግ ማሰብ ግዴታው ነው። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ይህ ውሳኔ በቤንዚን ፍላጎት ላይ ከጊዜ በኋላ መታየቱ አይቀርም። የከባድ ጭነት መኪና፣ የእርሻና የግንባታ መሣሪያ ናፍጣ ግን በቶሎ የሚተካ አይመስልም። የአውሮፕላን ነዳጅ ፍላጎት ደግሞ፣ በተለይ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጨመርበት፣ ያድጋል። ከዚህ በመነሣት ከአንድ ምርት ወደ ሌላው ሊቀየሩ የሚችሉ ታንከሮችን የሚያበረታታ ፈቃድ መስጠት ብልህነት ነው። የቤንዚን ታንከር ብቻ የሚሠራ ሰው ብድሩን በአጭር ጊዜ ለመመለስ ስለሚቸኩል ኪራዩን ያንራል።

ቧንቧውም ሊረሳ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 1.55 ቢሊዮን ዶላር የተገመተለት የግል የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ብላክ ራይኖ ከተባለው ኩባንያ ጋር የማዕቀፍ ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ቧንቧው ግን አልተዘረጋም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያቆመው የረጅም ዘመን የማሳለፍ ውል ነው፤ ያለዚያ ስምምነቱ በወረቀት ይቀራል። በመስከረም 2018 ዓ.ም ደግሞ ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን የማጣራት አቅም ይኖረዋል የተባለ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ማጣሪያው በታሰበው መጠን ከሠራ የነዳጁ መነሻ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል ማለት ነው።

ይህ ለፈቃድ ሰጪው አካል ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ዛሬ የሚመጡት አመልካቾች፣ መሬቱና መንገዱ ስለሚስባቸው፣ አብዛኞቹ ዓይናቸውን የሚጥሉት በጅቡቲ መስመር ላይ ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ ብቻ የተደረደሩ ታንከሮች መስመሩ ሲዘጋ ለሰሜኑና ለምዕራቡ አይደርሱም፤ ነዳጁ በሌላ በኩል መምጣት ሲጀምር ደግሞ ጾማቸውን ያድራሉ። በአንጻሩ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ነቀምቴ ወይም ሐዋሳ አቅራቢያ የሚቆም ዴፖ ነዳጁ ከዶራሌም መጣ ከጎዴ፣ በቦቴም መጣ በቧንቧ፣ ደንበኛው በአጠገቡ ነው። እነዚህ ቦታዎች ለባለሀብቱ መጀመሪያ ላይ የሚያልፈው መጠን አነስተኛ ስለሚሆን አያጓጉትም። ስለዚህ የመጠባበቂያው ቋሚ ኪራይ ቀድሞ መመደብ ያለበት ለእነሱ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የጨረታ ሰነዶችም ከእነዚህ ከተሞች ቢጀምሩ፣ በግል ገንዘብ የሚሠራው ታንከር በሐምሌ 2013 ዓ.ም ዓይነት ቀን ሞልቶ የሚገኝበት ዕድል ይኖራል።